መዝናናት ያደክማል

የክራኮው ከተማ እንግዳዋ ቁጭ ሲል ማየት አትወድም። ሰው ከባቡር ጣቢያው ወጥቶ ወደ አሮጌው ከተማ ሲያቀና፣ ገና ሻንጣውን ሳያሳርፍ፣ ወረቀት የሚያድሉ ወጣቶች ይከቡታል። አንዷ በፈረስ ጋሪ፣ አንዱ በኤሌክትሪክ ጋሪ፣ ሌላው በእግር ካላዞርንህ ይሉታል። በየጥጉ የቆመው ሰሌዳም የማይሸጠው ነገር የለም፦ የጨው ማዕድን ጉብኝት፣ የቮድካ ቅምሻ፣ በቪስቱላ ወንዝ ላይ የጀልባ ሽርሽር፣ በትራባንት መኪና ሶሻሊዝምን መጎብኘት፣ በክላሽንኮቭ ኢላማ መምታት። ከእኛ አገር የመጣ ሰው የክላሽ ድምፅ ለመስማት ገንዘብ ይከፍላል ብሎ የሚያስብ ነጋዴ ተስፋው ትልቅ ነው።

እዚያ የሚማር የእህቴ ልጅ አለ። እንደ ደረስኩ ስልኩን አውጥቶ ያዘጋጀልኝን ፕሮግራም አሳየኝ። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ጀምሮ እስከ ምሽቱ አራት ሰዓት አንድም ክፍተት አልነበረውም፤ ምሳ እንኳ ከሁለት ሙዚየም መሐል ተጨምቆ ነው የገባው።

«የመጣሁት ላርፍ ነው እኮ» አልኩት።

«ጋሼ፣ ዕረፍቱማ ይኸው ነው!» አለኝ።

ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ጎብኚም እንደ ማንኛውም የቀን ሠራተኛ በጠዋት ተነሥቶ፣ ተሰልፎ፣ ደረጃ ወጥቶና ወርዶ፣ ማታ እግሩን ሞቅ ባለ ውሃ ነክሮ ይተኛል። ልዩነቱ ሠራተኛው ይከፈለዋል፣ ጎብኚው ይከፍላል።

ነገሩ ሁሉ የሚጀምረው ሪኔክ ከሚሉት ዋናው አደባባይ ነው። ከተማዋ በ1257 በአዲስ ፕላን ስትቆረቆር (ዓመቶቹንና ወሮቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጠራው፤ የኛውን ስፈልግ እናገራለሁ) አደባባዩ በየጎኑ ሁለት መቶ ሜትር ገደማ ሆኖ ተለካ። በመካከለኛው ዘመን አውሮፓ ከተሠሩት አደባባዮች ከትልልቆቹ አንዱ ነው። መሐሉ ላይ ድሮ የጨርቅ ነጋዴዎች ይገበያዩበት የነበረው ሱኪየኒትሴ የሚባል ረጅም አዳራሽ ተጋድሟል። ዛሬ ጨርቁ ቀርቶ ከባልቲክ ባሕር ዳር የሚለቀመው አምበር፣ የተቀረጸ የእንጨት ሳጥንና አረንጓዴ የዘንዶ አሻንጉሊት ይቸረቸርበታል።

ከአደባባዩ ጥግ፣ በቅድስት ማርያም ቤተ ክርስቲያን ከፍተኛው ግንብ ላይ፣ በየሰዓቱ መለከት ይነፋል። ነፊዎቹ የእሳት አደጋ ሠራተኞች ናቸው። ተረኛው ቀንም ሌሊትም ሰዓቱ በሞላ ቁጥር በአራቱም አቅጣጫ መስኮት እየከፈተ ያንኑ ዜማ አራት ጊዜ ያሰማል። ዜማው ግን አያልቅም፤ መሐል ላይ ቀጥ ይላል። ተረቱ እንደሚለው በ1241 ታታሮች ከተማዋን ሲወርሩ ዘበኛው ሕዝቡን ለማንቃት መለከቱን እየነፋ ሳለ ቀስት ጉሮሮው ላይ ተተከለ፤ ከዚያ ወዲህ ዜማው እሱ ባቆመበት ላይ ይቆማል። ይህን ተረት በሰፊው ያስታወቀው ኤሪክ ኬሊ የሚባል አሜሪካዊ በ1928 ያሳተመው የልጆች መጽሐፍ ነው። ክራኮዎች ግን ከውጭ በደንብ ተጠቅልሎ የመጣላቸውን ተረት የሚመልሱ ሰዎች አይደሉም። የቀትሩን መለከት ደግሞ የፖላንድ ሬዲዮ በ1927 በቀጥታ ማስተላለፍ ጀምሮ አገሩን ሁሉ ሰዓት እንዲያስተካክልበት አድርጎታል።

ታች ያለው ሕዝብ አንገቱን አቅንቶ ስልኩን ወደ ላይ ይደግናል። ነፊው ሲጨርስ በመስኮቱ እጁን አውጥቶ ያውለበልባል፤ ሁላችንም እናውለበልብለታለን። የክራኮው መዝናኛ ሁሉ እንዲህ ነጻ፣ አጭርና አንገት ከማቅናት በቀር ድካም የሌለበት ቢሆን ኖሮ ይህ ወግ አይጻፍም ነበር።

ከዚያ ወደ ደቡብ ወርደን ቫቬል ኮረብታ ላይ ወጣን። («ወርደን ወጣን» ያልኩት በስህተት አይደለም፤ ክራኮው ውስጥ ሁልጊዜም እንዲህ ነው።) የነገሥታቱ ቤተ መንግሥትና ካቴድራሉ እዚያ ናቸው። የካቴድራሉ መግቢያ ላይ ትልልቅ አጥንቶች በሰንሰለት ተንጠልጥለዋል። ሊቃውንቱ የማሞዝ፣ የዓሣ ነባሪና የአውራሪስ ናቸው ይላሉ። ሕዝቡ የዘንዶው ናቸው ይላል። የወደቁ ዕለት የዓለም መጨረሻ ይሆናል ስለሚባልም ከሥራቸው ፈጠን ብዬ ነው ያለፍኩት።

ዘንዶው የኖረው ከኮረብታው ሥር ባለው ዋሻ ነው። ከብቱንና ልጃገረዱን እየበላ አገሩን አስጨነቀ። ጦረኞች ሁሉ ሞክረው ሲያቅታቸው ስኩባ የሚባል ጫማ ሰፊ የበግ ቆዳ በድኝ ጠቅጥቆ ዋሻው በር ላይ አቆመለት። ዘንዶው ዋጠው። ሆዱ ነደደ፤ ወደ ቪስቱላ ወርዶ ጠጣ፣ ጠጣ፣ አሁንም ጠጣና ፈነዳ። የእህቴ ልጅ ይህን ሲተርክልኝ ነገሩን የሰማሁት መሰለኝ። የንግሥተ ሳባ ታሪክ በተርታ የተሣለበትን ሸራ ያየ ሰው አርዌን ያስታውሳል፤ እኛም ዘንዶአችንን የገደልነው መርዝ የበላች ፍየል አብልተን ነው። አክሱምና ክራኮው ሳይተዋወቁ አንድ ዘዴ ላይ ደረሱ። ጫማ ሰፊው የንጉሡን ልጅ አገባ፤ የኛው ገዳይ ጊዜ ሳያባክን ራሱ ነገሠ።

ልዩነቱ ከዚያ በኋላ ነው። እኛ አርዌን ሸራ ላይ ተውነው፤ ክራኮዎች ዘንዶአቸውን ሥራ አስገቡት። ቀራፂው ብሮኒስዋቭ ህሮሚ የሠራው ዘንዶ ከ1972 ጀምሮ ወንዙ ዳር ቆሞ በየጥቂት ደቂቃው እውነተኛ እሳት ይተፋል። በአንድ ወቅት የስልክ መልእክት ሲላክለት የሚተፋበት ጊዜም ነበር። በሱቁ አሻንጉሊት ሆኖ ይሸጣል፣ ኩባያ ላይ ይታተማል፣ ካናቴራ ላይ ይስቃል። ዋሻው ራሱ ከጥንቱ ተከራይ ሞት በኋላ በአንድ ዘመን መጠጥ ቤት ሆኖ አገልግሏል። እኔ በቆምኩበት ሰዓት አንድ ሕፃን እሳቱን አይቶ አለቀሰ፤ እሳቱ ሲጠፋ ደግሞ ለምን ጠፋ ብሎ አለቀሰ። አባትየው ከሁለቱም ለቅሶ የሚያድነው መንገድ አጥቶ አይስክሬም ገዛለት። ዘንዶው ለአይስክሬም ሻጩም ያገለግላል ማለት ነው።

የፈረስ ጋሪውን አልተሳፈርኩም። ፈረሶቹ ራሳቸው ላይ ላባ ሰክተው፣ ከተሳፋሪው የተሻለ ለብሰው ቆመዋል። ዋጋው ግን ደብረ ዘይት በጋሪ ያደገ ሰው አንድ ጊዜ ሰምቶ የሚያልፈው ነው።

በአንድ ሙዚየም የሊዮናርዶ ዳ ቪንቺ ሥዕልም አለ፤ ረጅም አንገት ያላት ነጭ አውሬ የታቀፈች ወጣት። በቻርቶሪስኪ መሳፍንት ስብስብ ውስጥ ነበረች፤ የፖላንድ መንግሥት በ2016 መጨረሻ ስብስቡን በሙሉ በ100 ሚሊዮን ዩሮ ገዛው። ሥዕሏ ከጠበቅኳት አነሰችብኝ፤ ውበቷ ግን አላነሰም። ይሁንና በሙዚየሙ ውስጥ ከልቤ የቀናሁት በሌላ ሰው ነው፦ በጠባቂው። ወንበር ነበረው።

የእህቴ ልጅ በፕሮግራሙ ላይ በቀይ ያሰመረበት ቪየሊችካ ነው፤ ከከተማዋ ደቡብ ምሥራቅ አሥራ አራት ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ያለ የጨው ማዕድን። በታላቁ ካዚሚየሽ ዘመን ከንጉሡ ገቢ ሲሶው ከጨው ይገኝ እንደነበር ይነገራል። አያቱ አሞሌ ቆጥረው ገበያ የወጡ ሰው ይህን ለማመን አይቸገርም። ዩኔስኮ በ1978 የመጀመሪያዎቹን አሥራ ሁለት የዓለም ቅርሶች ሲመዘግብ ከፖላንድ የገቡት የክራኮው አሮጌ ከተማና ይኸው ማዕድን ነበሩ፤ ከኢትዮጵያ ደግሞ ላሊበላና የሰሜን ተራሮች። ስለዚህ ትኬት ቆራጩን የአንድ ዓመት ምሩቅ ጓደኛዬ አድርጌ ነው የቀረብኩት። እሱ እንደዚያ አላየኝም፤ ሙሉውን ዋጋ አስከፈለኝ።

ከዚያ ደረጃው መጣ። ሦስት መቶ ሰማንያ የእንጨት ደረጃ፣ እየዞረ፣ እየዞረ፣ ወደ ታች። ሁሉም ዙር አንድ ዓይነት ስለሆነ መውረድህን የምታውቀው በጉልበትህ ብቻ ነው። ከፊቴ የሚወርደው ሰውዬ መላጣ ሌላ የሚታይ ነገር አልነበረም፤ ዛሬም ባገኘው አልስተውም።

«ጋሼ፣ ደህና ነህ?» ይለኛል ልጁ ከኋላ።

«ደህና ነኝ» እለዋለሁ። ጉልበቴን ግን አልጠየቀውም።

ደረጃው ሲያልቅ ጉብኝቱ ያለቀ መስሎ ይሰማል፤ ገና መጀመሩ ነው። መንገዱ ሦስት ኪሎ ሜትር ተኩል ያህል ነው፤ በየመሐሉ የሚጨመረው ሲደመር ደረጃው ስምንት መቶ ይደርሳል። ሁሉም ነገር ጨው ነው። ነገሥታቱ ጨው፣ ቅዱሳኑ ጨው፣ ኮፐርኒከስ ሳይቀር ጨው ሆኖ ቆሟል። አስጎብኚያችን ግድግዳውን መላስ እንደሚፈቀድ ነገረችን። ስንት መቶ ሺህ ምላስ ያለፈበትን ግድግዳ! አንድ ጎልማሳ ባልና ሚስት ግን ወዲያው ተራ በተራ ላሱና እርስ በርስ እየተያዩ ጨው መሆኑን አረጋገጡ። ያንን ሁሉ ደረጃ ወርደው ሳይልሱ መመለስ ኪሳራ ነው ብለው ሊሆን ይችላል።

ከመሬት በታች መቶ አንድ ሜትር ላይ የቅድስት ኪንጋ ጸሎት ቤት ይገኛል። ኪንጋ ለፖላንድ መስፍን የተዳረች የሃንጋሪ ልዕልት ናት። ቀለበቷን በአገሯ የጨው ጉድጓድ ውስጥ ጥላ መጣች፤ ፖላንድ ደርሳ እዚህ ቆፍሩ ብላ ስታስቆፍር ከመጀመሪያው የጨው ጉማጅ ውስጥ ቀለበቷ ወጣ ይላል ተረቱ። ጸሎት ቤቱን ማዕድን ቆፋሪዎች ከ1896 ጀምረው ለአሥርት ዓመታት ቀረጹት። ወለሉ ጨው፣ መሠዊያው ጨው፣ ግድግዳው ላይ የተቀረጸው የመጨረሻው እራት ጨው፣ ከጣሪያው የተንጠለጠሉት መብራቶች እንኳ የጨው ክሪስታል የተሰካባቸው ናቸው። ላሊበላን ያየ ሰው እዚህ ሲደርስ መጀመሪያ አፉን ይዞ ዝም ይላል። ቀጥሎ ግን ደሙ ይፈላል።

«የኛው ከአንድ ዓለት ነው የተፈለፈለው» አልኩ።

«ይሄም ከአንድ ጨው ነው» አለኝ ልጁ።

«ጨው ምን ዋጋ አለው? ውሃ ቢገባበት ይሟሟል!»

«የኛውስ ቢሆን በዝናብ ምክንያት አይደል እንዴ ጣሪያ የተሠራለት?»

ልጅን ውጭ አገር አስተምሩ ይሏችኋል። አስጎብኚዋ የምንከራከርበትን ቋንቋ ስለማታውቅ ሁለታችንም በአድናቆት የምንነጋገር መስሏት ፈገግ አለችልን።

ድሮ እዚህ ታች ፈረሶች ነበሩ። ትልልቅ የእንጨት ማንሻዎችን እያዞሩ፣ ጨው እየጎተቱ፣ ዕድሜያቸውን ከፀሐይ ርቀው ይጨርሱ ነበር። የመጨረሻዋ ፈረስ ባሽካ በ2002 ወደ ላይ ወጣች። ጨው ማምረቱም ከዚያ በፊት በ1996 ቆሟል። አሁን ታች ወርዶ የሚለፋው ጎብኚው ነው። ወደ ላይ የሚያወጣው ግን አሳንሰር ስለሆነ ለዚህ እግዚአብሔር ይስጣቸው፤ በጨለማ ትከሻ ለትከሻ ተጣብቀን ሽው ብለን ወጣን። ያንን ያህል ወርደን የወጣንበት ፍጥነት ትንሽ የሚያናድድ ነበር።

ደረጃ የሌለው መዝናኛ ምግብ ብቻ ነው። ጠዋት በየመንገዱ ጥግ በትናንሽ ጋሪ የሚሸጥ ኦብቫዣኔክ የሚባል ቀለበት ዳቦ አለ። ሊጡ ተጠማዞ የፈላ ውሃ ውስጥ ገብቶ ከወጣ በኋላ ይጋገራል፤ ላዩ ላይ ሰሊጥ ወይም ጨው ይነሰነሳል። የአውሮፓ ኅብረት በ2010 ስሙን ስላስከበረለት ከክራኮውና ከአካባቢዋ ውጭ የተጋገረ ቀለበት በዚህ ስም መጠራት አይችልም። ዡሬክ የሚባል ሾርባ ደግሞ አለ። ራይ የሚሉትን የስንዴ ዘመድ ዱቄት በውሃ በጥብጠው ለቀናት ካኮመጠጡ በኋላ ይቀቅሉታል፤ ቋሊማና የተቀቀለ እንቁላል ይገባበታል። ምጣድ ያጣ እርሾ ተስፋ ቆርጦ ድስት ውስጥ የገባ ያህል ነው። እኔ ወድጄዋለሁ፤ ከእንጀራ አገር የመጣ ሰው ኮምጣጣ አይፈራም።

ለጾመኛ ጎመንና እንጉዳይ የተሞላ ፒየሮጊ ይገኛል። ነገር ግን በላዩ ላይ ፍም የመሰለ የአሳማ ስብ ጥብስ ጨምረው ማቅረብ ይወዳሉ፤ እንደማይፈልጉ አስቀድሞ መናገር ያስፈልጋል። ይህን ስናገር አስተናጋጇ ያዘነችው እናቴ ምግብ ስመልስባት የምታዝነውን ያህል ነበር። ቅቤም እንዳይገባ ስላት ወደ ወጥ ቤት ገብታ ቆየች። ተማክረው መሆን አለበት።

ቡናን በተመለከተ አደባባዩ ላይ የሚከፈለው ለወንበሩ እንጂ ለቡናው አይደለም፤ ሁለት መንገድ ወደ ውስጥ የገባ ያንኑ ቡና በረከሰ ዋጋ ያገኛል። ፖላንዶች ስለ ቡና የሚያወሩት ጥሩ ታሪክ አላቸው። በ1683 ንጉሣቸው ሶቢየስኪ ቪየናን ከቱርኮች ከበባ ሲያላቅቅ ኩልቺትስኪ የሚባል ሰው ቱርኮቹ ጥለውት የሸሹትን በጆንያ የሞላ ቡና ወስዶ ለቪየናዎች ቡና አስለመዳቸው ይላሉ። ንጉሡ ቫቬል ካቴድራል ውስጥ ነው ያረፈው። ከጅማና ከከፋ በኩል የሚመጣ ሰው ግን ይህን ሰምቶ «ቱርኮቹስ ጆንያውን ከየት አመጡት?» ማለቱ የማይቀር ነው።

ሶሻሊዝምን መጎብኘት የሚባለው መዝናኛ የተለየ ነው። ኖቫ ሁታ ከ1949 ጀምሮ ለብረት ፋብሪካ ሠራተኞች የተገነባች የሶሻሊስት ከተማ ናት፤ ዛሬ የክራኮው አንድ ክፍል ናት። በትራባንት እየተንተከተክን ሄድን። መኪናዋን የሠራችው ምሥራቅ ጀርመን ነች። መኪናዋም አገሩ ከጠፋ በኋላ መጨሷን አላቆመችም። ሶሻሊዝምን ከእናቱ የሰማ ወጣት አስጎብኚ ስለ ራሽን ካርድና ስለ ሥጋ ወረፋ ሲተርክ አብረውን የነበሩት እንግሊዞች በመገረም አፋቸውን ከፈቱ። እኔ ቀበሌ ሱቅ ለስኳር ተሰልፌ ያደግሁ ሰው ነኝ፤ በዚህ ትምህርት ቢቀጥሩኝ እንጂ ሊያስከፍሉኝ አይገባም ነበር።

«ጋሼ፣ እውነት ስኳር በኩፖን ነበር?» አለኝ ልጁ በሹክሹክታ።

ለእሱ ደርግም ዘንዶውም እኩል ተረት ናቸው።

በ1973 ኖቫ ሁታ ላይ ትልቅ የሌኒን ሐውልት ቆሞ ነበር። በ1979 ሰዎች ቦምብ አጠመዱበት፤ ሌኒን ተረከዙን ብቻ አጣ። በ1989 መጨረሻ ከቦታው ተነሣ፤ በኋላም ለአንድ ስዊድናዊ ተሸጦ እዚያ አገር መዝናኛ ፓርክ ውስጥ ቆመ። የአብዮት መሪ ከሽርሽረኛ ጋር ፎቶ እየተነሣ ኑሮውን ይገፋል። የቀድሞው ዋና አደባባይ ደግሞ ዛሬ በሮናልድ ሬገን ስም ይጠራል። አዲስ አበባ የነበረው ሌኒን በፈረንጆቹ 1983 ቆሞ በ1991 ወደቀ፤ የወደቀበት ዓመት በኛ አቆጣጠር ደግሞ 1983 ነው። ስለዚህ እሱን በ1983 ቆሞ በ1983 ወደቀ ብትሉ የሚከራከራችሁ የለም።

ማታ ማታ ከተማዋ የሚዜዎች ናት። በርካሽ አውሮፕላን የሚመጡ እንግሊዛውያን ሙሽራ ከመዳሩ በፊት ሊሰናበቱት ክራኮው ይዘውት ይመጣሉ። የኛ ሚዜ ሙሽራውን ይጠብቃል፣ ሽቶ ይረጫል፣ በር ላይ ከሙሽሪት ቤተሰብ ጋር ይጋፋል። የነሱ ሚዜ ሙሽራውን የሴት ቀሚስ አልብሶ አስክሮ አደባባይ ላይ ያስዘፍነዋል፤ ሠርጉ የሚደርሰው ከዚህ የተረፈ እንደሆነ ነው። ነዋሪው እንቅልፍ አጥቶ ሲያማርር ከተማዋ ከሐምሌ 2023 ጀምሮ ሱቆች ከእኩለ ሌሊት እስከ ንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል አልኮል እንዳይሸጡ ከለከለች። ቡና ቤቶቹን ግን ክልከላው አይመለከታቸውም፤ ስለዚህ ዘፈኑ በር ተዘግቶ እንዲዘፈን ሆነ እንጂ አልቆመም።

ከሰሌዳዎቹ በአንዱ ላይ ኦሽዊትዝም አለ። ከክራኮው ሰባ ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ናዚዎች ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰው፣ አብዛኞቹን አይሁድ፣ የፈጁበት ቦታ ከቮድካ ቅምሻና ከክላሽ ተኩስ መሐል ተጽፎ፣ አልፎም ከጨው ማዕድኑ ጋር «በአንድ ቀን ሁለቱንም» ተብሎ ሲሸጥ አይቻለሁ። ቦታው መታየት አለበት፤ ራሱን የቻለ ቀን ሰጥቶ፣ ሌላ ምንም ሳይጨምሩበት። መዝናኛ ግን አይደለምና ወደ ወጌ አላስገባውም።

የክራኮው ሰው ራሱ የት ይዝናናል ብዬ ልጁን ጠየቅኩት። በፕሮግራሙ ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር አልነበረም።

ለካ ቅርብ ነው። ከተማዋ ድሮ በግንብ የተከበበች ነበረች፤ በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ያረጀውን ግንብ አፍርሰው በቦታው ዛፍ ተከሉበት። ዛሬ ፕላንቲ የሚባለው መናፈሻ አራት ኪሎ ሜትር ገደማ ሆኖ አሮጌውን ከተማ ይዞረዋል። ጡረተኞቹ ኦብቫዣኔካቸውን ይዘው አግዳሚ ወንበሩ ላይ ተደርድረው እኛ ስንሮጥ ያዩናል። እኛ ከተማዋን እናያለን፣ እነሱ እኛን ያያሉ፤ የከፈልነው ግን እኛ ብቻ ነን።

በሰኔ ከመጣችሁ ደግሞ ላይኮኒክን ታገኙታላችሁ። የታታር ልብስ የለበሰ፣ ጺሙን ያንዠረገገ ሰው የእንጨት ፈረስ ወገቡ ላይ አስሮ ከበሮ እየተመታለት ከአንድ ገዳም ደጅ እስከ ዋናው አደባባይ እየጨፈረ ይመጣል። በያዘው ዱላ መታ ያደረገው ሰው ዕድለኛ ይሆናል ስለሚባል ሕዝቡ ምታኝ ብሎ ራሱን ያቀርባል። አደባባዩ ሲደርስ ከንቲባው ግብር ይከፍለዋል። ከንቲባ ግብር ሲከፍል ማየት ለእኛ አገር ሰው በራሱ የጉዞውን ወጪ ያወጣል። በታኅሣሥ የመጀመሪያው ሐሙስ ደግሞ ነዋሪው የልደትን ግርግም በሚያብረቀርቅ ወረቀት ሠርቶ አደባባይ ያወጣል። ውድድሩ ከ1937 ጀምሮ የሚካሄድ ነው። ግርግሞቹ ግን የቤተልሔም በረት ሳይሆኑ የክራኮው ግንቦችና ጉልላቶች ናቸው፤ ሕፃኑ የተወለደው በቅድስት ማርያምና በቫቬል መሐል እንደሆነ ማንም አይጠራጠርም።

ከአሮጌው ከተማ በስተምዕራብ ደግሞ ብዎኒያ የሚባል አርባ ስምንት ሄክታር ሜዳ አለ። በ1366 ሴት መነኮሳት ይህን ሜዳ ለከተማዋ ሰጥተው በምትኩ ከተማ ውስጥ አንድ ቤት ተቀበሉ ይባላል። ቤቱ ኋላ ተቃጠለ፤ ሜዳው አለ። ከዳር እስከ ዳር አንድም ሕንፃ አልተሠራበትም፤ አዲስ አበባ ቢሆን ኖሮ እስካሁን ስንት አፓርታማ እንደሚበቅልበት አስቡት። ሁለቱ የከተማዋ የእግር ኳስ ክለቦች ክራኮቪያና ቪስዋ ሁለቱም በ1906 የተመሠረቱ ናቸው፤ ስታዲየሞቻቸው በሜዳው ግራና ቀኝ ሆነው ይፋጠጣሉ፤ ጊዮርጊስና ቡና ሲገናኙ ያየ ሰው ማስረጃ አያስፈልገውም። ሰው ውሻውን ያናፍሳል፣ ልጅ ብስክሌት ይለምዳል፣ ተማሪ መጽሐፉን ፊቱ ላይ ከድኖ ይተኛል። እኔና የእህቴ ልጅም ጫማችንን አወለቅን። ፕሮግራሙ የጀልባ ሰዓት ደረሰ ብሎ በስልኩ ጮኸ፤ ዘጋው።

እንግዲህ ክራኮው የምትሄዱ ከሆነ የጨው ማዕድኑን አትለፉት፤ ጉልበታችሁን ግን አስቀድማችሁ አማክሩ። ዡሬኩን ቅመሱ። ቡናውን አደባባዩ ላይ አትጠጡ። ፕሮግራም አውጪ ዘመድ ካላችሁ አንድ ከሰዓት ለራሳችሁ ቀንሱበት፤ ብዎኒያ ሜዳ መግቢያ አያስከፍልም፣ ደረጃም የለውም።